የባንዳችሁ ስፒከር ለምን ይቃጠላል? ከምልክቱ እስከ መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ በኪቦርድ፣ በከበሮ ማሽን፣ በላፕቶፕና በኤሌክትሪክ ክራር ለሚጫወቱ ባንዶች ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሠርግ ድንኳኑንና የሆቴል አዳራሹን በአብዛኛው የሚያደምቁት እነርሱ ናቸው፤ ለጥገና የሚመጣልኝ ስፒከርም በአብዛኛው የእነርሱ ነው። ኬብሉ መሰካቱን፣ ፊውዙ ደህና መሆኑንና ሚክሰሩ ላይ የተዘጋ መስመር አለመኖሩን አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ ሲጀመር ጥሩ ነበር፤ ቆይቶ ሻከረ፤ ከዚያ ቀጭኑ ድምፅ ጠፋ

ደጋግሜ የማየው ብልሽት ይህ ነው። ባሱ አለ፣ ዘፋኙም ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። «ሰ» እና «ሸ» ጠፍተዋል፤ የክራሩ ክር ሲመታ የሚሰጠው ጥርት ያለ ድምፅ የለም፤ ሁሉም ነገር ብርድ ልብስ የተጣለበት ይመስላል። የሞተው ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር ነው። ለማረጋገጥ ሳጥኑን ክፈቱ፣ የትዊተሩን ሽቦ ከክሮስኦቨሩ (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ከሚለየው ክፍል) ንቀሉና በመልቲሜትር ለኩ። ባለ 8 ኦም ትዊተር ጤነኛ ከሆነ 6 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላነበበ የውስጡ የሽቦ ጥቅልል ተበጥሷል። ዲያፍራሙን (የሚርገበገበውን ስስ ሽፋን) ስታነሱት ያ ቀጭን ሽቦ ጠቁሮ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመያዣው ተላቅቆ ታገኙታላችሁ። የተቃጠለው ቫርኒሽ ሽታ ሳጥኑ ገና ሲከፈት ይቀበላችኋል።

ባለቤቱ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነው፦ «ስፒከሩ አቅም አነሰው፤ ዋቱ ከፍ ያለ ልግዛ።» እባካችሁ አትግዙ። ዲያፍራም ቀይሮ መላክ ለእኔ ቀላል ሥራ ነው፤ ምክንያቱ ካልተነሣ ግን በሚቀጥለው ሠርግ ያው ይደገማል።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከባሱ ነው። የከበሮ ማሽን ዋና ምት 50 ኸርዝ አካባቢ ይመታል። ባለ አምስት ክር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ድምፁ 31 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ኪቦርድ ደግሞ በአንድ ጣት እዚያ ይወርዳል። ይህን ጥልቅ ድምፅ ማውጣት እጅግ ብዙ ኃይል ይበላል። ኪቦርዲስቱ «ባሱ አልወጣም» ብሎ ኢኳላይዘሩን በ10 ዴሲቤል ከፍ ሲያደርግ በዚያ ድምፅ ላይ ከአምፕሊፋየሩ አሥር እጥፍ ኃይል ጠየቀ ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ያን ያህል ስለሌለው የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ቀይ መብራት የሚበራው ያን ጊዜ ነው። ጫፉ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ሞገድ፣ እኩል ከፍታ ካለው ንጹሕ ሞገድ እጥፍ ኃይል ይሸከማል። መቆረጡ ራሱ ቀጭን ድምፅ ስለሚፈጥር ከትርፉ ወደ ትዊተሩ ይሄዳል፤ ትዊተር ግን የተሠራው ከጠቅላላው ኃይል ትንሿን ድርሻ ለመቀበል ነው። ባስ የሚፈልገው ኪቦርዲስት የሚያቃጥለው ትዊተር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ድንኳን ነገሩን ያባብሰዋል። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ባሱን መልሶ ያጠናክረዋል፤ በድንኳን ሸራ ግን ባሱ አልፎ ይሄዳል። በአዳራሽ ደህና የነበረ ባንድ ድንኳን ውስጥ ሲገባ ባሱ የጠፋ ስለሚመስለው እጁ ወደ ቁልፉ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምክንያት የኤሌክትሪኩ ጉልበት ነው፤ ይህን የሚጠረጥር የለም። ባለ ከባድ ትራንስፎርመር አምፕሊፋየር 220 ቮልት ሲጠብቅ 170 ቮልት ቢደርሰው፣ የሚሰጠው ኃይል ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ማለትም ትናንት በንጽሕና የተጫወተው ድምፅ ዛሬ ማታ በዚያው ቁልፍ ቦታ ላይ ይቆረጣል።

በጥር ኮምቦልቻ አንድ ሠርግ ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። ቀዩ መብራት ለጥቂት ደቂቃ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይበራል። ኪቦርዲስቱ «ጋሼ፣ ስፒከሩ አርጅቷል» እያለ በየጊዜው ከፍ ያደርጋል። የድንኳኑን ኤክስቴንሽን ተከትዬ ስሄድ ከጓሮ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው፤ ጓሮ ደግሞ ለማግስቱ እንጀራ እየተጋገረ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። መልቲሜትሬን ሶኬቱ ላይ ሰክቼ አየሁት፦ ምጣዱ ሲበራ ቮልቱ ዘጭ ይላል፣ የምጣዱ መብራት ሲጠፋ ይነሣል። «እናቴ፣ ምጣዱን ከዋናው ቤት መስመር ላይ እንሰካው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ሴቶቹም ራሳቸው ተሸክመው አዛወሩልኝ። ቀዩ መብራት ከዚያ በኋላ አልበራም። አንደኛው ትዊተር ግን ቀድሞ ሞቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ መልቲሜትር ሳትይዙ ወደ ድንኳን አትሂዱ። ድምፅ ከመክፈታችሁ በፊት ለኩ፤ ሙዚቃው ሲግልም እንደገና ለኩ። የአምፕሊፋየር መስመር ከምጣድ፣ ከፍሪጅና ከውኃ ማሞቂያ ይለይ። ቀጭን ኤክስቴንሽን ጠቅልላችሁ እንዳለ አትጠቀሙ፤ ይግላል፣ ይቀልጣል።

መፍትሔው ሲመረጥ

ትልልቅ ሳጥኖች ከመግዛታችሁ በፊት ሳብዉፈር (ጥልቁን ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ግዙ። በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚጫወት ባንድ ያለ ሳብዉፈር መሥራት የለበትም። ለመካከለኛ አዳራሽ ሁለት ባለ 12 ኢንች ከላይ፣ ሁለት ባለ 18 ኢንች ሳብዉፈር ከታች፣ ክሮስኦቨሩም 100 ኸርዝ ላይ፤ ይህ ከአራት ባለ 15 ኢንች ሳጥን ይበልጣል። የላይኞቹ ከባስ ሸክም ሲገላገሉ የዘፋኙ ቃል ወዲያውኑ ይጠራል። ሁለቱን ሳብዉፈሮች አንድ ላይ አጣብቋቸው፤ በመድረኩ ግራና ቀኝ ስትለያዩዋቸው ባሱ አንዱ ወንበር ላይ ይደልቃል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ከሆነ ከ35 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡበት፤ ከዚያ በታች የስፒከሩ ሾጣጣ (የሚርገበገበው ፊቱ) ያለ መቋቋሚያ ስለሚወዛወዝ ይቀደዳል።

ወደ ሳብዉፈር የሚሄደው የከበሮ ማሽኑና የባሱ መስመር ብቻ ይሁን። ማይክሮፎን፣ ክራርና ማሲንቆ ወደዚያ አይሂዱ። እኛ ወሎ ነን፤ አምባሰልና ባቲ ሲዘፈን አድማጩ የሚጠብቀው የድምፁን ቅንጣት ሽክርክሪት ነው። እርሱን በባስ መዋጥ ነውር ነው።

ሳብዉፈር መግዣ ገንዘብ ከሌለ በሚክሰሩ ላይ ከ50 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ የኪቦርዱን ባስ ዝቅ አድርጉ፣ ድምፁንም ቀንሱ። ሌላ ዘዴ የለም።

ስለ ዋት፦ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። የምትፈልጉት ያለማቋረጥ የሚችለውን ዋት ነው። በልማድ የጫፉ ቁጥር የዚህ አራት እጥፍ ስለሆነ «1,000 ዋት» የተባለው ብዙ ጊዜ 250 ነው። «ፒኤምፒኦ» (ለሽያጭ የተጋነነ ዋት) የሚል ጽሑፍ ካለበት ሱቁን ለቅቃችሁ ውጡ። ከዋቱ ይልቅ በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ጠይቁ። 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ሳጥን፣ 97 የሚሰጠው በሁለት እጥፍ ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ያወጣል። ሻጩ ይህን ቁጥር ማሳየት ካልቻለ ዕቃውን አያውቀውም። በመዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ኬብል «ንጹሕ መዳብ» ብሎ የሚሸጥም አለ፤ ጫፉን በቢላ ፋቁት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱለት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከሁሉም በላይ ያዙልኝ፦ የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት ባይበራም ሚክሰሩ ወይም ላፕቶፑ ውስጥ ድምፁ እየተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ተቆርጦ የመጣ ድምፅ አምፕሊፋየሩን ዝቅ በማድረግ አይጠራም። ከኪቦርዱ ጀምራችሁ መስመሩን ተከትላችሁ ሂዱ፤ ቀዩን ባያችሁበት ቦታ ላይ ጌይኑን (የመግቢያ ድምፅ ቁልፉን) ቀንሱ። ሊሚተር (ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገታ) ካለም አብሩት። ብዙ ባንድ ሊሚተሩን «ድምፅ ይገድላል» ብሎ ያጠፋዋል፤ እነዚሁ ናቸው ትዊተር ይዘው የሚመጡት።

ምልክት፦ የማያቋርጥ ወፍራም ጉርምርምታ

የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ጠፋ? እንግዲያው ምክንያቱ ላፕቶፑና ሚክሰሩ በመሬት ሽቦ በኩል የሠሩት ዙር ነው። በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል መሬቱን የሚለይ ዲአይ ቦክስ አስገቡ። የሶኬቱን የመሬት እግር ግን አትቁረጡ። አትቁረጡ! ጉርምርምታው ይጠፋል፤ አንድ ቀን መሣሪያው ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ ማይክሮፎን በጨበጠው ዘፋኝ በኩል ያልፋል። ተቆርጦ የመጣ ሶኬት ሳይቀየር ከእጄ አይወጣም።

ምልክት፦ ሁለት ሳጥኖች አብረው ሲከፈቱ ባሱ ይሳሳል

የአንደኛው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሽቦ ተገላብጦ ታስሯል። የስፒከሩን ሽቦዎች በ1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ብቻ አስነኩ፤ ፖዘቲቭ በፖዘቲቭ ሲሆን ሾጣጣው ወደ ፊት ይወጣል።

ምልክት፦ አምፕሊፋየሩ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል

ሳጥን በሳጥን ላይ ቀጥላችኋል። አራት ባለ 8 ኦም ሳጥን በትይዩ ሲታሰር 2 ኦም ይሆናል፤ አብዛኛው አምፕሊፋየር ከ4 በታች አይችልም። የጊታር ኬብልም ለስፒከር አይሆንም። ለረጅም መስመር 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ወይም ከዚያ በላይ ተጠቀሙ።

ምልክት፦ ማይክሮፎኑ ያፏጫል

ስፒከሮቹን ከዘፋኙ አስቀድማችሁ ወደ ፊት አውጡ፤ ዘፋኙ ከኋላቸው ይቁም።

ምልክት፦ ከጉዞ በኋላ ሳጥኑ ይንገጫገጫል፣ ወይም መሣሪያው ሲበራ ይንጫጫል

ከደሴ ኮምቦልቻ መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የሐረጎ ኩርባ ደግሞ በፒክአፕ ላይ ሳይታሰር የተጫነ ሳጥንን ብሎን ሁሉ ያላላል። ሳጥኑን በፊቱ አስተኝታችሁ እሰሩ፤ ስትደርሱ የስፒከሩን ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጥብቁ። በደሴ ብርድ ያደረ አምፕሊፋየር ሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ ሲገባ ላዩ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። ክዳኑን ነክታችሁ እርጥብ ከሆነ እስኪደርቅ ጠብቁ እንጂ ቶሎ ብላችሁ አታብሩት።