የጽጌን ቅዳሜና እሁድ ቤት ለሚያሳልፉ

ሜሪላንድ ውስጥ ጥቅምት ቅጠል የሚረግፍበት፣ የቤት ማሞቂያ የሚከፈትበት ወር ነው። አገር ቤት ደግሞ ክረምቱ አልፎ ምድሩ አበባ የለበሰበት ጊዜ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችን እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን የምታስብባቸው ቀናት ናቸው። ጾሙ የፈቃድ ነው፣ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አይቆጠርም። እኔ ግን አብልጬ እወደዋለሁ። ልጅ ይዞ ከአገር የወጣ ሰው የሚጾመው ጾም ነውና።

ይህን የምጽፈው በየሳምንቱ ማኅሌት (የሌሊቱን ዝማሬ) መቆም ለማይችሉ ነው፦ ለአራስ፣ ለአስታማሚ፣ የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ። እኔም ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን ትቼ ሌሊት መውጣት ስለማይሆንልኝ፣ የጽጌን ሰንበት አብዛኛውን ጊዜ የማሳልፈው ቤት ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው ዓርብ ነው። ዘፀአት ምዕራፍ 20 ላይ ሰንበትን አክብር ሲል አባወራውን ብቻ አይደለም የሚጠራው፤ ሎሌውን፣ ገረዱን፣ ከብቱን፣ በደጁ ያለውን እንግዳ ሳይቀር እየቆጠረ ነው ዕረፍት የሚያዘው። በኛ ቤት ሎሌም ገረድም የለም፤ ሥራው ሁሉ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በአንዲት ሴት ላይ ነው። እሷ ከምድጃ ሳትለይ ውላ ሌላው ዳዊት ቢደግም፣ ያ ቤት ሰንበትን አከበረ ለማለት ይከብደኛል። ስለዚህ ዓርብ ከሥራ መልስ ሥራውን ተከፋፈሉት። ባል ሽንኩርት ይክተፍ፣ ልጆች ልብስ ይጠፉ፣ ግቢ ያለው ቅጠሉን ሳይመሽ ይጥረግ። ያልተጠረገው ሰኞን ይጠብቅ፤ ቅጠል የትም አይሄድም።

ለቅዳሜ ምግብ ከሱፍ ፍትፍት የሚሻል አላገኘሁም፤ ዓርብ ተሠርቶ ያድራል፣ ቅዳሜ እሳት አይፈልግም። ሱፉን ለቅማችሁ አጥባችሁ ቅርፊቱ እስኪላላ ቀቅሉት። የፈላበትን ውሃ ድፉና ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ በብሌንደር ፍጩት። ከዚያ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጨምቁት፤ አንዴ አይበቃም፣ ሁለተኛ አጥሉት፤ የቀረች የቅርፊት ስባሪ ጉሮሮ ትይዛለች። የሚወጣው ፈሳሽ ነጣ ብሎ ወተት ይመስላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ስለሚዘቅጥ ቅዳሜ ደህና አድርጋችሁ በጥብጡት፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ጨውና ሎሚ ጨምሩበት። እንጀራው የመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይላሽቃል። ትኩስ እንጀራ ደግሞ አይሆንም፣ ያደረ ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት (ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤ፣ ከእንቁላል) እንከለከላለን እንጂ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መዋል የለም። ሁለቱም ሰንበት ናቸው። ይህም በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የጸና ነው። ስለዚህ ጠዋት ቁርሳችሁን ብሉ። ቡናውንም በቆሎና በፈንዲሻ አፍሉ።

ዳዊትን በየዕለቱ ከፍለው ለሚደግሙ የቅዳሜ ድርሻ ከ131 እስከ 150 ነው። እኔ ከእናቴ ጋር እየተቀባበልን ነው የምንደግመው፤ ዐይኗ ስለደከመ እሷ በቃሏ የያዘችውን ትላለች፣ የቀረውን እኔ አነባለሁ። አፓርትማ ያላችሁ ዕጣን ከማጨሳችሁ በፊት መስኮት ክፈቱ፤ ከሰሉን ከጭስ ጠቋሚው አርቁት። እሱ ከጮኸ ልጆቹን ወደ ጸሎት መመለስ ከባድ ነው።

ከሰዓት በኋላውን ለማኅሌት አስቀምጡት። አዲስ አበባ በጥቅምት ከኛ ሰባት ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ዘንድ ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያ ሌሊት ነው፣ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። በቀጥታ የሚያስተላልፉ አጥቢያዎች አሉ። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙና አስቀምጡት፣ እጃችሁ ላይ አይቆይ፤ እጅ ላይ ያለ ስልክ ከማኅሌት ወደ ሌላ ነገር ለመውሰድ ጊዜ አይፈጅበትም። ጸናጽሉና ከበሮው ቤቱን ሲሞላው እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ መቋሚያ እንደያዘች ሁሉ ትወዛወዛለች። ይህን ማየት ለኔ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ለልጆች ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ከቁጥር 13 ጀምራችሁ አስነብቧቸው፤ አጭር ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «በሌሊት ተነሡ፣ ሂዱ ብትባሉ ምን ትይዛላችሁ?» የኔዎቹ ታብሌት፣ ጫማ እያሉ ሲከራከሩ እናቴ «እኔ የያዝኩት ያንን ነው» ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕለ አድኅኖ አሳየቻቸው። እኔ ራሴ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አያት ያላችሁ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ አትለፉ።

እሁድ መሄድ የምትችሉ ለቅዳሴ ሂዱ፤ የቤቱ ሥርዓት የቤተ ክርስቲያኑን አይተካም። አስታማሚ ያለበት ቤት ተራ ይግባ፦ አንዱ ይሂድ፣ አንዱ ይቅር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጡ። አሜሪካ ያላችሁ የሰዓት ለውጡን እንዳትረሱ። በፈረንጅ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ወደ 1 ይመለሳል፤ ዘወትር በጽጌ ውስጥ ነው የሚውለው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የአዲስ አበባ ልዩነት ለኛ ለሜሪላንዶች ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ ቀጥታ ማኅሌቱም በናንተ ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጀምራል።

ጾሙ የሚፈታው ኅዳር 6፣ በቁስቋም ማርያም ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ የጥሉላት መፍቻው ወደ ማግስቱ ይተላለፋል። የተረፈውን ሱፍ አትጣሉት፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል።