የመሥሪያ ቤትን ፕሮጀክት ከሐሳብ እስከ ርክክብ እንዴት መምራት ይቻላል?

አንድ ወረዳ በጤና ጣቢያው ግቢ የማዋለጃ ክፍል ሊገነባ ነው እንበል። በጀቱ ጸድቋል፣ ቦታውም አለ። ከዚያ በኋላ ግዢ የፋይናንስን ፊርማ ይጠብቃል፣ ፋይናንስ የጤና ጽሕፈት ቤቱን ደብዳቤ ይጠብቃል፣ ሥራ ተቋራጩ ደግሞ ክፍያውን ይጠብቃል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሥራ በትክክል እየሠራ ሙሉው ሥራ ሊቆም ይችላል። የፕሮጀክት አመራር ለአንድ ተቋም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በክፍሎች መካከል የሚወድቀውን ሥራ ባለቤት ይሰጠዋል።

1. ውጤቱን በአንድ ገጽ ጻፉ። «ሕንፃ መገንባት» አይበቃም። «እናቶች የሚወልዱበት ክፍል አገልግሎት ይጀምራል» ብላችሁ ስትጽፉ ውሃው፣ የመብራት ቆጣሪው፣ የማዋለጃ አልጋውና አዋላጅ ነርሶቹ ወደ ዕቅዱ ይገባሉ። ያለበለዚያ ቀለሙ የደረቀ ሕንፃ ቆጣሪ እየጠበቀ ተዘግቶ ይከርማል። ይህን ገጽ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ሁሉ ይፈርሙበት።

2. አንድ ሰው መድቡ። ኮሚቴ ቢመክር መልካም ነው፤ ተጠያቂው ግን አንድ ሰው ይሁን። የምደባ ደብዳቤው ምን መወሰን እንደሚችል፣ ምን ሲያጋጥም ወደ በላይ እንደሚያቀርብና በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ ይግለጽ። ሥልጣን ያልተሰጠው አስተባባሪ ደብዳቤ ከማመላለስ አያልፍም።

3. ንድፉ ሳያልቅ ጨረታ አታውጡ። የሲድኒ ኦፔራ ሐውስ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጀመር ጣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ገና አልተፈታም ነበር። በ4 ዓመትና በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል የተባለው ሥራ በ1973 ተመርቆ 102 ሚሊዮን ፈጀ። ለባለአራት ክፍል ሕንፃም ሕጉ ያው ነው።

4. ሥራውን ዘርዝሩና ቅደም ተከተሉን ከዝናቡ ጋር አስታርቁ። በእኔ እምነት በአገራችን ፕሮጀክቶች የሚድኑትም የሚበላሹትም እዚህ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ያኔ ደግሞ ክረምቱ ገብቷል። በተለይ ዋልካ አፈር ላይ በሐምሌ መሠረት ማስቆፈር ገንዘብን ከጭቃ ጋር መቀላቀል ነው። ስለዚህ ሐምሌንና ነሐሴን ለጨረታ ሰነድ፣ ለግምገማና ለውል አውሏቸው፤ መሬቱ ሲጠነክር፣ ጥቅምት ላይ፣ ቁፋሮው ይጀመር። ጨረታውን እስከ ጥር ያዘገየ ግን ሰኔ 30 ሲደርስ በጀቱ እንዳይመለስበት ይሮጣል፤ ጥራት የሚጎድለው በዚህ ሩጫ ነው።

ከዚያ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ ለዩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው የኬሚካል ኩባንያ በዱፖንት የተቀመረው ዘዴ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደውን የሥራ ሰንሰለት ፈልጉ፤ በእሱ ላይ አንድ ቀን ሲዘገይ የማጠናቀቂያው ቀንም አንድ ቀን ይገፋል። አርማታ የሚጠበቅበትን ጥንካሬ ማግኘቱ የሚለካው በተለምዶ በ28ኛው ቀን ስለሆነ፣ ያንን ቀን በማሳጠር ጊዜ እናካክሳለን ማለት አያዋጣም። የቆጣሪ ማመልከቻ ግን ግድግዳው እስኪቆም መጠበቅ የለበትም፤ ውሉ በተፈረመ ሰሞን ይግባ።

5. ለዋጋ ጭማሪ መጠባበቂያ ያዙ። ሲሚንቶና ብረት ጨረታው በወጣበት ዋጋ አይቆዩም።

6. በየሳምንቱ ቦታው ላይ ተገናኙ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ምን ተሠራ? ምን ቆመ? ያቆመውን ማን፣ እስከ መቼ ይፈታል? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ችግር ቀድሞ የተናገረን ሰው አትቆጡ፤ አንዴ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም። በመሀል «አንድ ክፍል እንጨምር» የሚል ሐሳብ ከመጣም በቃል አትስማሙ፤ ስንት ብርና ስንት ቀን እንደሚጨምር ተጽፎ ይጽደቅ።

7. ርክክቡን በሁለት ደረጃ አድርጉ። በጊዜያዊው ርክክብ ቧንቧውን ክፈቱ፣ መብራቱን አብሩ፣ ጉድለቱን ዘርዝራችሁ ተፈራረሙ። ለጉድለት መጠገኛ ዋስትና ከተቋራጩ ክፍያ የተያዘውን ገንዘብ እስከ መጨረሻው ርክክብ አትልቀቁ። በመካከል ያለው ጊዜ፣ በብዙ ውሎች አንድ ዓመት ስለሆነ፣ አንድ ሙሉ ክረምት ያካትታል። በነሐሴ ጣሪያውንና ግድግዳውን ፈትሹ፤ የሚያፈስ ካለ ተቋራጩ በራሱ ወጪ እንዲጠግን በደብዳቤ አሳውቁት፤ ከጠገነ በኋላ ፈርሙለት።