ሚሶ በደሴ ጓዳ፦ እሳቱ ከጠፋ በኋላ

ክረምት ላይ ደሴ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሳይቀር ይውጠዋል፤ ጋቢ ደርባችሁም ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። እንዲህ ባለ ጠዋት ሆዴ የሚፈልገው ትኩስ ነገር ነው፤ ቶሎ የሚደርስ፣ የማይከብድ፣ ግን እስከ ምሳ የሚያቆይ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህን የሚያደርግልኝ ሚሶ የሚባለው ጨዋማ የጃፓን የአኩሪ አተር ሊጥ ነው። ዱባይ የምትሠራው እህቴ መጀመሪያ ስታመጣልኝ ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። አሁን ሻንጣዋ ሲከፈት ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እሱ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ስህተቴን ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። ሚሶውን ከውሃው ጋር ጥጄ እንደ ሽሮ ግማሽ ሰዓት አንተከተክሁት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ስንቀምሰው ግን ጨው ብቻ ነበር። ያ ቤቱን የሞላው ሽታ ሳህን ውስጥ መቅረት የነበረበት ነው ለካ። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ሚሶ መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይገባል። ሌላው ሁሉ እንደ ቤታችሁ ነው።

ለመሆኑ ሚሶ ምንድን ነው? አኩሪ አተር ተቀቅሎ ይደቆሳል፤ ጨውና ኮጂ ይደባለቅበታል፤ ከዚያ ታፍኖ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ይቀመጣል። ኮጂ ማለት ብዙውን ጊዜ ሩዝ ወይም ገብስ ላይ ሆን ተብሎ የሚበቅል ሻጋታ ነው። ሻጋታ ስላልኩ አትደንግጡ። ብቅል ለጠላ የሚሠራውን ዓይነት ሥራ ኮጂ ለሚሶ ይሠራል፤ የእህሉን ስታርችና ፕሮቲን እየሰባበረ ጣዕም ያወጣዋል። ጃፓኖች በዚህ ሻጋታ በጣም ስለሚኮሩ የአገሪቱ የጠመቃ ማኅበር በ2006 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ሻጋታ ብሎ ሰይሞታል።

ለእኛም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ስልጆ አለን። የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ውሃ ጋር በስሎ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ ቀናት ከርሞ የሚበላው ስልጆ ማለቴ ነው። እናቴ የሚሶውን ዕቃ ከፍታ ስታሸተው «ስልጆ ነው እንዴ ያመጣችልሽ?» አለችኝ። በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ቀመሰች፣ ዝም ብላ ቆየች፣ ከዚያ «ጨዉ በዛ እንጂ ዘመዱስ ነው» አለች። ልክ ናት። ልዩነቱ ስልጆ ይኮመጥጣል፣ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፤ ሚሶ ደግሞ ከጨዉ ሥር የሥጋ መረቅ የሚመስል ነገር አለው። ይህን ጣዕም በ1908 እ.ኤ.አ. ኪኩናዬ ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት ከባሕር አረም መረቅ ለይቶ አውጥቶ ኡማሚ ብሎታል። ለጾም ምግብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቅቤም ሥጋም ሳይነካው ወጡ ባዶ ባዶ አይልም።

ሲገዛ መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። ነጩ፣ ማለትም ፈዛዛ ቢጫው፣ ብዙ ሳይቆይ የተሠራ ነው፤ ጣፈጥ ይላል፣ ጨዉም ይቀንሳል። ቀዩና ቡናማው ረጅም ጊዜ የቆየ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ጨዉም ከፍ ይላል። ለጀማሪ ነጩን እመክራለሁ። በርበሬ ካለበት ነገር ጋር ግን ነጩ ድምፁ አይሰማም፣ ቀዩን ውሰዱ።

ቀጥሎ ጀርባውን አንብቡ። ይህን የምለው የወሎ ቤት ስለሆነ ነው፤ ዛሬ ለቡና ማን እንደሚመጣ አታውቁም፣ ጎረቤታችሁ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው። አንዳንድ ሚሶ ማሸጊያው ውስጥ መብላላቱን እንዲያቆም አልኮል ይጨመርበታል፣ ይህም ከተጨመሩት ነገሮች ዝርዝር ላይ ይጻፋል። ሌላው ደግሞ የደረቀ ዓሣ መረቅ አስቀድሞ የገባበት ነው፤ በጾም ዓሣ የማይበላ ቤት ይህን ማወቅ አለበት። አኩሪ አተር፣ ሩዝ ወይም ገብስ፣ ጨውና ውሃ ብቻ የሚል ካገኛችሁ ለሁሉም እንግዳ ይሆናል። እህቴን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ እላታለሁ፣ አይቼ ነው ግዢው የምላት።

አሁን ወደ ሾርባው። ለአራት ሰው አንድ ሊትር ውሃና አንድ ብርጭቆ ጨምሩበት፣ ሲፈላ ስለሚጎድል። ጃፓኖች መረቁን ከባሕር አረምና ከደረቀ ዓሣ ያወጡታል። እኛ ጋ ያ የለም፣ እኔም አልፈለግሁትም። አንድ ሽንኩርት ለሁለት ከፍዬ የተቆረጠውን ፊት የጋለ ምጣድ ላይ እደፋዋለሁ፤ ጥቁር እስኪል ድረስ አልነካውም። ከዚያ እሱን፣ አንድ ቲማቲምና ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ውሃው ውስጥ ከትቼ ሃያ ደቂቃ ያህል አፈላዋለሁ። እንጉዳይ ከተገኘ ደግሞ እሰየው። ቲማቲምና እንጉዳይ ያንን የመረቅ ጣዕም ከተፈጥሯቸው ይዘውታል፣ ስለዚህ ሚሶውን ያግዙታል። ሽንኩርቱን አውጡት፣ ሥራውን ጨርሷል።

ከዚያ ሁለት መካከለኛ ድንች በትንንሹ ከትፋችሁ፣ አንድ ካሮት በስሱ ቆርጣችሁ ጨምሩ። የሐበሻ ጎመን ከሆነ ቀጭን ቀጭን አድርጋችሁ ከድንቹ ጋር ይግባ፣ ጥቅል ጎመን ከሆነ ግን መጨረሻ ላይ። አትቸኩሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፤ ድንቹ ታች ኮምቦልቻ ካለው ዘመዱ ዘግይቶ ይበስላል። ሚሶ ከገባ በኋላ ወደ እሳት መመለስ ስለሌለ፣ ድንቹ በሹካ ሲነካ እሺ ማለቱን አሁን አረጋግጡ። ጨው አታድርጉ። ጨዉ እየመጣ ነው።

እሳቱን አጥፉ። ድስቱ መንተክተኩን እስኪተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ሚሶውን እንዲሁ ድስት ውስጥ ብትጥሉት እንደ ጭቃ ታች ተቀምጦ ይቀራል፣ አንዱ ሳህን ጨው ሌላው ውሃ ይሆናል። ስለዚህ በጭልፋ ከመረቁ ቅዱ። ጭልፋው ውስጥ በአንድ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ሚሶ፣ ቀይ ከሆነ ግን ከዚያ ያነሰ፣ እየጨመራችሁ በማንኪያ ጀርባ ጭልፋው ግድግዳ ላይ ጫን ጫን አድርጉት። አንዴ አይሟሟም፣ በትንሽ በትንሹ በጥብጡት። ድፍርስ ሆኖ ጓጎላው ሲጠፋ ድስቱ ውስጥ መልሱትና አንዴ ብቻ አማስሉ።

አሁን ቆም ብላችሁ እዩት። ሚሶው መረቁ ውስጥ እንደ ጉም ይንሳፈፋል፣ ይከማቻል፣ ከመሃል ወደ ዳር ይገፋል፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ይነሳል። ጠዋት ከቤቴ ደጅ ሆኜ ጦሳ ላይ የማየው ጉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ዝም ካላችሁት ይረጋል፣ ለዚያ ነው ከመጠጣታችሁ በፊት ኩባያውን ወዝወዝ ማድረግ ያለባችሁ። ከላይ ቃሪያ በስሱ፣ ወይም የሎሚ ጠብታ። እኔ ቂጣ ቆርሼ ነው የምበላው፤ የገብስ ቂጣ ከሆነማ አይጠየቅም።

ሾርባውን ከለመዳችሁ ሚሶውን ሌላ ቦታ ማስገባት ትጀምራላችሁ። የምስር አልጫ ላይ ጨዉን ትታችሁ ከእሳት ሲወርድ ሚሶ በጥብጡበት። ንፍሮ ላይ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ሚሶ፣ ዘይት፣ ሎሚና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ለውሳችሁ ትኩስ እያለ ለቅልቁት፤ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ከሆነ እንግዳ ሳህኑን ባዶ አድርጎ ነው የሚመልሰው። የተቀቀለ ድንችም እንዲሁ። ፍስክ ሲሆን ቅቤና ነጭ ሚሶ እኩል አድርጋችሁ ደባልቁና ትኩስ ቂጣ ላይ ቀቡት። ዶሮ ወይም ሥጋ ላይ ቀብቶ መጥበስም ይቻላል፣ ግን በስሱ ቀቡ፣ እሳቱንም ቀንሱት፤ ስኳር ስላለው ቶሎ ያርራል። ሽሮ ላይ ሞክሬው ነበር፣ አልወደድኩትም። ሽሮ የራሱ ቅመም ይበቃዋል።

ጤናውን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፣ ምክንያቱም ሚሶ መድኃኒት ነው የሚል ብዙ ወሬ አለ። ሚሶ ጥሩ ምግብ ነው፤ ፕሮቲኑ በመብላላቱ ተሰባብሯል፣ ሙቀት ያላየው ዓይነት ደግሞ ሕያው ተሕዋስያን አሉት፣ በፈላ ውሃ ግን ይሞታሉ።  ግን ጨው አለው፣ ብዙ ጨው። ቀዩ ሚሶ ከክብደቱ 12 በመቶ ገደማ ጨው ነው፤ አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ 18 ግራም ቢሆን ወደ 2 ግራም ጨው ገባችሁ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። ስለዚህ ሚሶን እንደ ጨው ቁጠሩት። በገባበት ድስት ጨው አይግባ፣ በቀን አንድ ኩባያ ይበቃል። ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይጀምር። አኩሪ አተር የማይስማማው ሰውም አይንካው።

ረመዳን ላይ ከጎረቤቴ ጋር ሞክረነዋል። ለማፍጠሪያ ከቴምሩ ቀጥሎ ቀጠን አድርጎ መጠጣት ባዶ ሆድን አያስደነግጥም። ለሱሁር ግን አልመክርም፣ ጨዉ ቀኑን ሙሉ ያስጠማል።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ አድርጉት፣ ከላይ በላስቲክ አየር እንዳይገባው ሸፍኑት፣ ሁልጊዜ ደረቅ ንጹሕ ማንኪያ ተጠቀሙ። እየቆየ ቀለሙ ቢጠቁር አትጣሉት፣ መብሰሉን እየቀጠለ ነው። ፍሪዘር ውስጥም ይገባል፤ ጨዉ በረዶ እንዲሆን ስለማይፈቅድለት እንደ ድንጋይ አይሆንም፣ በማንኪያ ይወጣል። መብራት ሲሄድም አንድ ሁለት ቀን አይጎዳውም።

ዕቃው ሲያልቅ ደግሞ አጥባችሁ እንዳትጥሉት። ግድግዳው ላይ የተጣበቀው ለአንድ ኩባያ ይበቃል። ውሃው ፈልቶ ትንሽ በረድ ሲል ጨምሩበት፣ ክዳኑን ሳታጠብቁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙትና ኩባያ ላይ ገልብጡት። እኔ ያን ጊዜ ድንችም ጎመንም አልጨምርበትም። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጉሙ ከጦሳ እስኪገለጥ እጠጣዋለሁ፣ ከዚያ ለእህቴ እደውልላታለሁ።