ልጅን በእግር መንገድ ላይ ሂሳብ ማስለመድ (ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ)

ልጄ እስከ 20 ይቆጥራል የሚል ወላጅ ብዙ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን እስቲ 6 ጠጠር መሬት ላይ ደርድሩና ቁጠር በሉት፣ ጣቱና አፉ ካልገጠሙ ወይ አንዱን ጠጠር ሁለቴ ከነካው ቁጥሮቹን እንደ መዝሙር ሸምድዷቸዋል እንጂ ቆጠራው ገና ነው። በዚህ እድሜ ያለ ነገር ስለሆነ እንዳትቆጡት።

ለዚህ ፍቱኑ ነገር አብሮ በእግር መሄድ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ ከባድ ስለሆነ ፀሀይ ሞቅ ሲል ውጡ፣ ሱቅ ድረስም ቢሆን ይበቃል።

መጀመሪያ የማይንቀሳቀስ ነገር ይቁጠር። በግ ይሮጥበታል፣ ባህር ዛፍ ግን የትም አይሄድም፣ ግንዱን በእጁ መታ መታ እያደረገ ለአንድ ግንድ አንድ ቁጥር። ሲጨርስ "ስንት ሆኑ?" በሉት፣ እንደገና ከአንድ ከጀመረ መጨረሻ የጠራው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ አልገባውም ማለት ነው፣ ስለዚህ እናንተ "አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ አራት... አራት ዛፍ!" እያላችሁ አሳዩት። ይሄን ሳይዝ በጭራሽ ወደ መደመር አትሩጡ፣ ብዙ ልጅ ሂሳብ የሚከብደው ይሄ ስለተዘለለበት ይመስለኛል።

ከዛ ጎማ። ጋሪ 2፣ ባጃጅ 3፣ አይሱዙ 6 (የኋላው ድርብ ነው)፣ የቆመ መኪና ብቻ እሺ፣ እጁንም አትልቀቁ። 2 ባጃጅ ጎን ለጎን ቆመው ካገኛችሁ "ይሄኛው 3 ነው፣ ቀጥል" በሉት፣ 4፣ 5፣ 6 ካለ መደመር ጀመረ ማለት ነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን እርምጃ ነው። ከግቢው በር እስከ ሱቁ እናንተም እሱም እየቆጠራችሁ ሂዱ፣ የሱ ቁጥር ከናንተ በጣም ይበልጣል፣ እና "መንገዱ አንድ ነው አይደል፣ የኔ ለምን አነሰ?" ብላችሁ ጠይቁትና ዝም በሉ፣ ቶሎ አትመልሱለት። እግሩን ከእግራችሁ ጋር አስተያይቶ "የኔ ትንሽ ስለሆነ ነዋ" ያለ ቀን መለኪያው ሲያጥር ቁጥሩ እንደሚበዛ ገብቶታል፣ ሜትርና ሴንቲሜትር ትምህርት ቤት ሲመጣ አይደነግጥም። የድንጋይ አጥርም በስንዝር ይለካ።

የታርጋ ቁጥር ማንበብ፣ ቆሎ ለሁለት እኩል ማካፈል፣ እነዚህ እግረ መንገዳችሁን ናቸው።

ከሰለቸው ወዲያው ተዉት። አንዳንዴ ደግሞ እናንተ ቁጠሩና አውቃችሁ 4ን ዝለሉ፣ ቆሞ "እማዬ ተሳሳትሽ!" ብሎ ሲያርም ቁጥሩን ከምንም በላይ ይይዘዋል።