ከምድር ውጭ ሕይወት የመኖሩን ዕድል በወረቀትና በእስክሪብቶ እንዴት ትገምታላችሁ

ታኅሣሥ ላይ ፍኖተ ሰላም አካባቢ አውድማ ላይ ጤፍ ስንጠብቅ አደርን፣ ጨረቃ የለችም ሰማዩ በኮከብ ጢም ብሏል፣ የእህቴ ልጅ «ጋሼ እዛ ላይ ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። አለም የለምም ብዬ ከማልፈው በማግስቱ ወረቀት ይዘን አሰላነው፣ እናንተም ሞክሩት።

መጀመሪያ ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት። ባክቴሪያ አለ ወይ ሌላ ነው፣ አስቦ የሚያወራ ፍጡር አለ ወይ ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው እነዚህን እየቀላቀለ ነው በከንቱ የሚከራከረው።

ከዛ የሚታወቀውን ጻፉ። ጋላክሲያችን ፍኖተ ሐሊብ ቢያንስ 100 ቢሊዮን ኮከብ አላት። በ1995 እ.ኤ.አ. ፀሐይን የመሰለ ኮከብ የሚዞር የመጀመሪያው ፕላኔት ተገኘ፣ ዛሬ ከፀሐያችን ውጭ የተረጋገጡት ፕላኔቶች ከ5 ሺህ በላይ ናቸው፣ ስለዚህ አብዛኛው ኮከብ ፕላኔት አለው ብትሉ አትሳሳቱም። ከ10 ኮከብ አንዱ ውሃ ሳይተን በረዶም ሳይሆን ሊቆይበት የሚችል ፕላኔት አለው እንበል፣ አጠገቡ «ግምት» ብላችሁ ጻፉ። 10 ቢሊዮን ሆነ።

ከባዱ አሁን ነው፣ ከነዚህ ስንቱ ላይ ሕይወት ይጀምራል? አንድ ቁጥር ብቻ አትያዙ። ከሺህ አንዱ ላይ ካላችሁ 10 ሚሊዮን ይወጣል፣ ከቢሊዮን አንዱ ላይ ካላችሁ 10 ብቻ፣ ከትሪሊዮን አንዱ ካላችሁ ደግሞ በዚህች ጋላክሲ ብቻችንን ነን ማለት ነው። ገበሬ አንድ እፍኝ ዘግኖ የአውድማውን ምርት ያውቃል፣ እኛ ግን እጃችን ላይ ያለችው አንዲት ፍሬ ናት፣ ምድር። እሷ ላይ ሕይወት ቶሎ ነው የጀመረው፣ ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመቷ ነው የሕይወት ምልክት ደግሞ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ አለ፣ ይሄ ተስፋ ይሰጠኛል። ውሃ ስላለ ብቻ ግን ሕይወት አለ አትበሉ፣ እዚሁ አገራችን ዳሎል አሲድና ጨው በበዛባቸው ኩሬዎች ውስጥ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሕይወት አላገኘም።

ለሚያወራው ፍጡር ደግሞ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍራንክ ድሬክ በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ እንደዚህ ያሉ ግምቶችን እርስ በርስ የሚያባዛ ቀመር ተጠቀሙ፣ ዋናው ነገር እነሱ ስንት ዓመት ምልክት ሲልኩ ይቆያሉ የሚለው ነው። እኛ ሬዲዮ ከያዝን 100 ዓመት ትንሽ ቢያልፈን ነው፣ ብርሃን ጋላክሲውን ለማቋረጥ ግን ወደ 100 ሺህ ዓመት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ቢኖሩም ላንገጣጠም እንችላለን።

ልጁ ከሚሊዮን አንዱ ላይ ብሎ 10 ሺህ አወጣ። ወረቀቱን አስቀምጥ አልኩት፣ ዩሮፓ ክሊፐር የምትባለው መንኩራኩር በ2030 እ.ኤ.አ. ጁፒተር ትደርሳለች፣ በረዶ የለበሰችው የጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓ ለሕይወት ትመች እንደሆነ ታጠናለች፣ ያኔ አብረን እናርመዋለን።