ከደንገጎ በብስክሌት ስትወርዱ እባካችሁ እነዚህን አትድገሙ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ብስክሌቱን እየጎተተ ድሬዳዋን ከሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ከደቻቱ አሸዋ ወጣ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ የተበሳ ካላማዳሪያ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል። ውኃ የት አለ ብለው «ጠዋት ደንገጎ ላይ እኮ ይበርድ ነበር» አለኝ። አቦ! ይህን ሰበብ ስንት ጊዜ ሰማሁት?

ጥቅምት ሲገባ ድሬ ውስጥ ብስክሌት ያለው ሁሉ ወደ ተራራው ቀና ብሎ ማየት ይጀምራል። አልፈርድበትም። ዝናቡ አባርቷል፣ ጋራው ገና አረንጓዴ ነው፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። በሐረር አስፋልት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ደንገጎ ድረስ ወጥቶ፣ በገበሬና በግመል መንገድ ቁልቁል መመለስ ነው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ደስ ይላል፣ ደግሞም ያስለቅሳል። የሚያስለቅሱትን ልንገራችሁ።

የጠዋቱን ብርድ ማመን

ደገኛው «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ወዶ አይደለም። ደንገጎ ላይ ጠዋት ጣት ይደነዝዛል። ችግሩ እናንተ የምትመለሱት ወደ ድሬ መሆኑ ነው። ደንገጎ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ድሬ 1,200 ገደማ ላይ። በከፍታው ልዩነት ብቻ 5 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል። የቀትሩ ፀሐይ ገና አልተቆጠረም። ሌላ አገር ተራራ የወጣ ሰው ከባዱን ጨርሶ ሲወርድ ያርፋል። እኛ ስንወርድ ምድጃ ውስጥ ነው የምንገባው። ያውም የመጨረሻው ክፍል አሸዋ ነው፣ ብስክሌቱን በእጅ የምትገፉበት።

ስለዚህ በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር ውኃ ያዙ። ከደንገጎ ስትነሱ ቢያንስ አንዱ ሊትር ያልተከፈተ ይሁን። ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ውኃ ብቻ መጋት አይበቃም፤ ጨው ያለው ነገር ቅመሱ። ቆሎ አፍ ያደርቃል፣ እኔ ቴምር ነው የምይዘው፤ ለጨዉ ደግሞ ከደንገጎ አንድ የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ።

እሾሁን ሳያወጡ ካላማዳሪያ መቀየር

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፣ ይቅርታ። መንገዱ ሁሉ የግራር እሾህ ነው። ጎማ መበሳቱ አይቀርም፣ ነውርም አይደለም። ነውሩ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ልጁ ጎማውን ያወልቃል፣ የተበሳውን ካላማዳሪያ መዝዞ ይወረውራል፣ አዲሱን ይከታል፣ እስኪያልበው ይነፋል። ሁለት መቶ ሜትር እንደሄደ ፉስስ!

እሾሁ እኮ ጎማው ውስጥ ነው ያለው! አዲሱን ካላማዳሪያ ወስዳችሁ እላዩ ላይ አስተኛችሁት። አምና አንድ ወዳጄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ካላማዳሪያ ለአንድ እሾህ አስበላ። ሦስት! ሁለቱ የራሱ ነበሩ፣ ሦስተኛው የእኔ። በመጨረሻ እሾሁን ሳወጣው የሩዝ ፍሬ አያክልም። ከውጭ በኩል ተሰብሮ ስለሚቀር በዓይን አይታይም።

መላው ቀላል ነው። የጎማውን ውስጥ በቁራጭ ጨርቅ ዙሪያውን አብሱት። እሾሁ ያለበት ቦታ ሲደርስ ጨርቁ ያዝ ያደርጋል። በባዶ ጣት አትሞክሩት፣ ደም ይወጣል። ሌላም ዘዴ አለ። ካላማዳሪያውን ስታወጡ ቀዳዳው ከቫልቩ ምን ያህል እንደሚርቅ እዩ። ጎማው ላይም እሾሁ በዚያው ልክ ነው ያለው። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካገኛችሁ ግን እሾህ አትፈልጉ፤ ንፋስ አንሶት ድንጋይና ቸርኬ መሃል ተቆንጥጦ ነው የተበሳው።

ማስቲሹንም ከቤት ሳትወጡ ክፈቱና እዩት። አንዴ የተከፈተ ማስቲሽ ትንሽ ቆይቶ ድንጋይ ይሆናል። ተራራው ላይ ጎሚስታ የለም።

የኋላ ፍሬን ብቻ መያዝ

ጀማሪ ሁሉ የፊቱን ፍሬን ይፈራል። ስለዚህ የኋላውን ጨምድዶ ይዞ ይወርዳል፤ ጎማው ይንሸራተታል፣ ጠጠር ይረጫል፣ ብስክሌቱ ግን አይቆምም። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ሁለቱንም ያዙ፣ ግን በአንድ ወይም በሁለት ጣት፣ ቀስ እያላችሁ። ወገባችሁን ወደ ኋላ ሳቡ። ፔዳሎቹን እኩል አድርጋችሁ ቁሙባቸው። ፍሬን ሳትለቁ ለረጅም ጊዜ አትውረዱ። ቸርኬው ላይ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ይግላል፣ ካላማዳሪያውም ሊፈነዳ ይችላል።

ይህን ሁሉ የማውቀው በለስ አስተምሮኝ ነው። ያኔ ብስክሌት መንዳት የምችል መስሎኝ ነበር። ኮርቻዬን ለዳገቱ ከፍ እንዳደረግኩት ቁልቁለቱን ጀመርኩ። አንድ ጥምዝ ላይ አህያ ድንገት ብቅ አለች፣ እኔ የፊቱን ፍሬን ጨመደድኩ፣ ኮርቻው ከኋላ ገፋኝ፣ በመሪው ላይ አልፌ በረርኩ። ያረፍኩት በለስ ላይ ነው። ፍሬውን የበላ ሰው ያችን እንደ ጸጉር የቀጠነች እሾህ ያውቃታል። እህቴ ሦስት ቀን ሙሉ በወረንጦ ስትለቅም ሦስት ቀን ሙሉ ሳቀች። አህያዋ ምንም አልሆነችም።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ኮርቻውን አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በርጫ ደንገጎ ላይ

ምርቃና ፍሬን የለውም። ውኃ ጥሙም ረሃቡም ድካሙም ሳይሰማችሁ ይቆይና፣ ሁሉም በአንድ ላይ አሸዋው መሃል ይመጣል። ማታ ቤታችሁ ቃሙ።

ዳገቱ ላይ ኢሱዙ ይዞ መጎተት

ይህን የሚያደርግ ልጅ ይህን ጽሑፍ አያነብም። እናቱ ታንብብለት።

የአምናውን መንገድ ማመን

ክረምቱ በየዓመቱ መንገዱን እንደገና ይሠራዋል። አምና በፍጥነት የበረራችሁበት ሜዳ ዘንድሮ መሃሉ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። በወቅቱ የመጀመሪያውን ጉዞ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ እንደ እንግዳ። ማሽላው ሳይታጨድ ደግሞ ከጥምዙ ወዲያ ያለው አይታይም። ወዲያ ያለው አንዳንዴ እንጨት የተሸከመች እናት ናት፣ አንዳንዴ ግመል። ግመል ካያችሁ ውረዱና በእጅ ገፍታችሁ እለፉ። የገጠር ግመል እንደ ከተማው ግመል ብስክሌት አልለመደም።

ተራራው ላይ ደመና ጠቁሮ ካያችሁ ወደ አሸዋው አትግቡ። ጥቅምት ነው፣ ከተማው ላይ ፀሐይ ነው አትበሉ። ብዙ ሰው የወሰደውን የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ለዚህ ማስረዳት አያሻውም።

ዘግይቶ መነሳት

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከድሬ ውጡ። በጥቅምት መጨረሻ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፣ ገደሉ ውስጥ ስልክ አይሠራም፣ ጅቡም የሥራ ሰዓቱን ያከብራል።

«ይህ መንገድ ወደ ድሬ ይወስዳል?» ብሎ መጠየቅ

በመጀመሪያ፣ አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ሰላምታውን እንኳ ተማሩ። ሰው ሳያቆም፣ ሰላም ሳይል፣ ኮርቻ ላይ ሆኖ መንገድ የሚጠይቅ ባለጌ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጥያቄው ራሱ ነው። አንድ ሽማግሌ ጠይቄያቸው «አዎ፣ ይወስዳል» አሉኝ። አልዋሹም። ቁልቁል የሚሄድ መንገድ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ድሬ ይገባል። እኔን ግን መጀመሪያ ወደ ፍየሎች በረት፣ ከዚያ ወደ ገደል አፍ ወሰደኝ። ብስክሌቱን ተሸክሜ ስመለስ ሽማግሌው እዚያው ቁጭ ብለዋል። «ብስክሌቱን ይዘህ ነው እንዴ የምትሄደው?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ «በዚህ ግመል ያልፋል?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ጭነት የያዘ ግመል ካለፈበት ብስክሌትም ያልፋል። «ፍየል ያልፋል» ካሏችሁ ተመለሱ።