ጎርጎራ ዳር በመኪና ለማደር ሲታሰብ የሚሠሩ ስህተቶች

ከጎንደር በአዘዞ ወጥቶ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፎ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳር ያለችው ጎርጎራ ለመድረስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርብ በመሆኑ ብዙ ሰው ጉዞውን እንደ እሑድ ሽርሽር ያየዋል። ለውሎ ከሆነ ልክ ነው፤ ለአዳር ግን ጣና ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል። አልጋና ወጥ ቤት የተገጠመለት የካምፒንግ መኪና በእኛ አካባቢ ብርቅ ነው። የሚሄደው ሰው የሚሄደው የኋላ ወንበሩ በተነሣለት ሚኒባስ ወይም ፖርቶ መጋላው ላይ ድንኳን በተጫነበት ላንድክሩዘር ነው። ስህተቶቹ በሁለቱም ያው ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚመጡት መኪናውን ውሃው አጠገብ ለማቆም ከመጓጓት ነው።

ውሃው ጫፍ ድረስ መንዳት

የጎርጎራ ዙሪያ፣ የደምቢያ ሜዳ፣ አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጣና የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ ከአንድ ሜትር በላይ ይጎድላል። ዳርቻው ዝርግ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ሲሸሽ ሰፊ መሬት ይገለጣል። ይህ መሬት ተሰነጣጥቆ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል፤ ከቅርፊቱ ሥር ግን ጭቃው እንዳለ ነው። ሰው ይችላል፤ ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሲወጣበት ይከዳል።

ደግሞም ባለቤት የሌለው ሜዳ አይደለም። ውሃው የለቀቀውን መሬት ገበሬው ወዲያው ይዘራዋል፤ የሽሽት እርሻ የሚባለው ይህ ነው። ገና ያልበቀለ የሽንብራ ማሳ ለከተማ ሰው ዓይን ባዶ ቦታ ነው። በላዩ ላይ ነድቶ ካሳ የተጠየቀ ሰው ማንንም መውቀስ አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወርደው በእግር ይሂዱበት። አንድ ሜትር ያህል ፌሮ ብረት ይዘው በሙሉ ጉልበትዎ ወደ መሬቱ ይጫኑት። አንድ ስንዝር ሳይገባ ከቆመ መኪና ይሸከማል። መጀመሪያ ጠንክሮ ቀጥሎ ሸርተት ብሎ ከገባ ይመለሱ። ዛፍና ድንጋይ ያለበት ከፍ ያለ ቦታ ይምረጡ፤ ሐይቁም የሚያምረው ከዚያ ሲያዩት ነው።

ጎማው ከሰመጠ በኋላ ነዳጅ መርገጥ

ዋልካ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ጎማው ባለበት እየዞረ ይቆፍራል፤ ዲፍረንሻሉ ጭቃው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ባለ አራት ጎማ ጉተታም አያወጣዎትም። ጎማው ሁለት ጊዜ ባዶውን እንደዞረ ሞተሩን አጥፍተው ይውረዱ።

ከዚያ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ያንሡ፤ በጎማው ጥርስ የገባውንም ፍቀው ያውጡ። ክሪኩን በቀጥታ መሬት ላይ አያስቀምጡት፤ መኪናውን ከማንሣት ይልቅ ራሱ ይሰምጣል። ከሥሩ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሳንቃ ይደረጋል። መኪናው ከፍ ሲል ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ረጅም ሳንቃ ያስገቡ። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ግን እጅም እግርም አይግባ። የጎማውን አየር ወደ 20 ፒኤስአይ ዝቅ ማድረግ ጎማው መሬቱን በሰፊው እንዲረግጥ ያግዛል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው፣ ዝግ ብለው ይውጡ፤ የሚወጣውም በገቡበት ፋና ወደ ኋላ ነው። መንገድ ላይ ከመውጣትዎ በፊት አየሩን መልሰው ይሙሉ፤ አየሩ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳል። ጎሚስታ እዚያ ስለማይጠብቅዎ በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ይያዙ። ትርፍ ጎማውንም ከጎንደር ሳይወጡ ያስለኩት፤ ብዙ ሰው ትርፍ ጎማው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ሲያወርደው ነው።

ጉማሬን እንደ ቀን ትርኢት ብቻ ማየት

ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ሣር ለመጋጥ ይወጣል፤ የሚመላለሰውም በለመደው መንገድ ነው። ከውሃው የሚወጣ የተረጋገጠ ሰፊ መተላለፊያ፣ በዳርና ዳሩ የተበተነ ፋንድያ ካዩ መኪናውን ከዚያ ያርቁ። ቢያንስ 100 ሜትር ከውሃው መራቅ ጥሩ ነው። በጉማሬና በውሃው መካከል መገኘት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ሌሊት ለሽንት ሲወጡ መጀመሪያ በባትሪ ዙሪያውን ያብሩ።

በሞተር ማስነሻው ባትሪ ፍሪጅ ማሳደር

ሒሳቡን እንሥራው። ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቢኖርዎ፣ ሞተር እንዲያስነሣልዎ ከግማሽ በታች ሊወርድ አይገባም፤ ስለዚህ የሚጠቀሙበት 35 ነው። ትንሽ ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ ሲሠራ 4 አምፔር ያህል ይስባል፤ ግማሹን ሰዓት ያርፋል ብንል በሰዓት 2 ይሆናል። 35 ለ2 ሲካፈል 17 ሰዓት ተኩል ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሞተሩን ካጠፉ፣ በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ልኩ ላይ ደርሰዋል፤ መብራትና ስልክ ሲጨመር ቀደም ይላል። ያረጀ ባትሪ ከሆነማ ሌሊቱን አይዘልቅም። ወይ ለብቻው ሁለተኛ ባትሪ ያስገጥሙ፣ ወይ ፍሪጁን ማታ አጥፍተው በረዶ ያደረጉትን የውሃ ላስቲክ ያስገቡበት። ለአንድ አዳር እንዲያውም ሽሮ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ፍሪጅ አይፈልጉም፤ ዓሣ ደግሞ ጠዋት ከአሥጋሪዎቹ ገዝቶ ያኔውኑ መጥበስ ነው።

ከሰል መኪና ውስጥ ማስገባት

ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ፍሙ ያሳዝናል፤ ሌሊቱም ቀዝቀዝ ይላል፤ ምድጃውን ወደ ውስጥ መሳብ ይመጣል። አያድርጉት። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። አመድ የለበሰ ፍምም ያው ነው። መስኮት ትንሽ መክፈት መፍትሔ አይሆንም። ድንኳንም ከመኪና አይለይም። ብርድ ከፈሩ ጋቢ ይጨምሩ፤ ጎርጎራ ከጎንደር ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ብርዱም የጎንደርን ያህል አይደለም።

ውሃውን ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን

ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ይያዙ። ለአራት ሰው ሁለት ቀን 40 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን ነው፤ ይኸውም 40 ኪሎ። ድንኳኑ ካለበት ጣሪያ ላይ ሲጨመር መኪናው በመታጠፊያ ይወዛወዛል። ጀሪካኖቹን ወለሉ ላይ፣ ከፊት ወንበር ጀርባ አስጠግተው በገመድ ይሰሩ።

ጊዜን አለመምረጥ

ከሰኔ እስከ ጥቅምት መሬቱ አይመችም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ወባው ይበረታል። ከጥር እስከ መጋቢት የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ መኪና መከራየት ከባድ ስለሆነ ቀድመው ይያዙ። በየትኛውም ወር አጎበር አይቀርም፤ ለድንኳኑ ብቻ ሳይሆን ለሚከፍቱት የመኪና መስኮትም።

የጸጥታው ሁኔታ ስለሚለዋወጥ መንገዱን በዋዜማው ሳይሆን በሚነሡበት ጠዋት ከዚያ መስመር ሹፌሮች ይጠይቁ። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ደርሰው ማደሪያዎን ይያዙ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ አጠገብ ወይም ቀበሌ መሬት ላይ ለማደር ፈቃድ መጠየቂያ ሰዓትም ያስፈልጋል።

ጀልባን ለከሰዓት ማስቀረት

ከሰዓት ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ይከተላል። በጠዋት ይሂዱ። እምቦጭም በነፋስ ስለሚንሳፈፍ ማታ ክፍት የነበረው ዳር ጠዋት ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል፤ የት እንደሚሳፈሩ የሚወስነው ባለጀልባው ነው።

ዳር ላይ መታጠብ

ቀንድ አውጣ የሚኖርበት፣ ሣርና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ የብልሃርዝያ መገኛ ነው። ጥገኛ ተሕዋሲው በጤነኛ ቆዳ አልፎ ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። ከወጡ በኋላ በፎጣ መጥረግ አያስተማምንም። ለመታጠቢያ ከሐይቁ የሚቀዱትን ውሃ ያፍሉት፣ ካልሆነም ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀን ያቆዩት። ውሃው የነካው ሰው ምርመራ ማድረግ ያለበት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሳምንቱ ቢመረመር ዕንቁላሉ ገና ስለማይታይ ነፃ ነህ ይባላል። ከተመለሱ በኋላ በወራት ውስጥ የሚመጣ ትኩሳት ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ሄደው ጣና ዳር ማደርዎን ነግረው የወባ ምርመራ ያድርጉ።